በሩን ላልከፈተው ሰው የተዘጋጀ ቅጽ

የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣቸውን አሃዞች ብዙ ሰው ይጠቅሳል። እኔን የሚማርከኝ ግን ከአሃዞቹ ጀርባ ያለው ሥራ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው በየደጃፉ የሚሞላው የጉብኝት ቅጽ።

ጥናቱ ቤት ለቤት በአካል ሲካሄድ፣ ናሙና ውስጥ ለገባ ሰው ሁሉ፣ መለሰም አልመለሰም፣ ቅጽ ይሞላለታል። የጉብኝቱ ቀንና ሰዓት፣ የተገኘው ውጤት፣ እምቢ ካለም ምክንያቱ ይሰፍራል። እምቢ ያለው ሰው ዕድሜ በግምት ይጻፋል። ቤቱ ቪላ ነው ወይስ አፓርታማ? በአካባቢው ቆሻሻ ተጥሎ፣ ግድግዳ ተበላሽቶ ይታያል? ቃል ሳይናገር በሩን የዘጋ ሰው እንኳ ይህን ያህል ምልክት ትቶ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከአንድ ስሌት የመጣ ነው። አንዳንዶች ባለመመለሳቸው በውጤቱ ላይ የሚደርሰው መዛባት የሚለካው ያልመለሱትን ድርሻ፣ በእነሱና በመለሱት መካከል ባለው ልዩነት በማባዛት ነው። ከ100 ሰው 70ው መለሰ እንበል። ከመለሱት 50 በመቶው ፖሊስን እናምናለን አሉ፤ ዝም ካሉት 30 ሰዎች ግን የሚያምኑት 40 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥናቱ 50 ይላል፣ እውነቱ 47 ነው። ድርሻውን ማንም ይቆጥረዋል፤ ልዩነቱ ግን ተሰውሯል። የጥናት ዘዴ ተመራማሪው ሮበርት ግሮቭስ እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አገናዝቦ፣ የምላሽ ምጣኔ ብቻውን ስለ መዛባቱ የሚናገረው ጥቂት መሆኑን ያሳየውም ለዚህ ነው።

የጉብኝቱ ደንብም እንደ ቅጹ የታሰበበት ነው። ሰው ካልተገኘ ቢያንስ አራት ጊዜ ይኬዳል፤ አንዱ ምሽት፣ አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ። ቀን ብቻ የሚያንኳኳ ሰው ጡረተኛውን እያገኘ ሠራተኛውን ያጣዋል። ከሁሉ የማደንቀው ግን የጎረቤትን ሰው ተክቶ መጠየቅ ክልክል መሆኑን ነው፤ ተተኪ ቁጥሩን ይሞላል እንጂ የጎደለውን ሰው አይሆንም።

የተሰወረውን ልዩነት ለመገመት፣ በአራተኛው ጉብኝት የተገኘውን ሰው መልስ በመጀመሪያው ከተገኘው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ቤት የማይገኝ ሰውና ተገኝቶ እምቢ የሚል ሰው ለየቅል ናቸውና። ቅጹ ሁለቱን ለይቶ መመዝገቡ የሥራውን ጥራት ያሳየኛል። ይህ የጉብኝት መዝገብ ከመልሶቹ ጋር በነጻ ይለቀቃል፤ ውጤቱን የሚጠራጠር ተመራማሪ ራሱ ወስዶ ሊፈትሸው ይችላል።