ከመጽሐፉ የበለጠው መዝገብ

ሰር አልበርት ኩክ «የኡጋንዳ ትዝታዎች» የተሰኘ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1945 ሲያሳትሙ፣ ለትውልድ የሚያቆዩት ዋነኛ ጽሑፍ እርሱ መስሏቸው ይሆናል። ዛሬ ያን መጽሐፍ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። ሐኪሙ በ1897 በካምፓላ የመንጎን ሆስፒታል ከመሠረቱ ጀምሮ በየሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የተጻፈው መዝገብ ግን አሁንም ተመራማሪ አያጣም። በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ፣ በእርሳቸው ስም በተሰየመው የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአጻጻፍ ነው። ትዝታው ተስተካክሎና ተመርጦ የቀረበ የሚስዮናዊ ታሪክ ነው። መዝገቡ ነገ ምን እንደሚፈለግ ሳያውቅ የተጻፈ ነው፤ ኃይሉም ከዚሁ ይመነጫል። ሆስፒታሉ በ1902 በመብረቅ ሲቃጠል እንኳ መዝገቡ ከእሳቱ ተርፏል። ዴኒስ በርኪት የተባለው የሙላጎ ቀዶ ጠጋኝ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ነቀርሳ በ1958 ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ በሽታው አዲስ ይሁን ነባር የሚለው ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ከኩክ ማስታወሻዎች ተገኘ፤ መንጋጋው ያበጠ ሕፃን ከዐሥርተ ዓመታት በፊት ተመዝግቦ ነበር። በ1964 ደግሞ ፓቶሎጂስቱ ዴቪስ፣ ራፋኤል ኦዎርና ባልደረቦቻቸው ከ1897 እስከ 1956 ያለውን የመንጎ መዝገብ መርምረው ነቀርሳ በአንድ አፍሪካዊ ሕዝብ ውስጥ የነበረውን ታሪክ አሳተሙ። የማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት በ1924 ስለተጀመረ፣ መዝገቡ ከትምህርት ቤቱ በዕድሜ ይበልጣል።

መዝገቡ ግን ጸሐፊውንም ይከሳል። ኩክ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ቂጥኝ ቡጋንዳን እየፈጀ ነው ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ የቅኝ አገዛዙም ሥጋቱን አምኖ ዘመቻ ከፈተ። የኋላ ሊቃውንት ግን ከታየው ሕመም ብዙው በሩካቤ የማይተላለፍ፣ ከቂጥኝ ጋር የሚዛመድ የቆዳ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተከራከሩ። የሐኪሙን ፍርድ ከጻፈው ምልክት ጋር ማነጻጸር የሚቻለው ወረቀቱ እስካለ ድረስ ነው። የተቆረጠ ፍርድ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አይኖርም ነበር።

የትርጉም ጉዳይ ይበልጥ ያስጨንቃል። ሕመምተኛው በሉጋንዳ ተናግሯል፤ መዝገቡ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። «ሆዴን ይቆርጠኛል» ያለው ሰው አነጋገር ወደ ሐኪም ቃል ሲገባ፣ ዋናው ንግግር በዚያው ተነነ። ኩክ ራሳቸው የሉጋንዳ የሕክምና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀታቸው፣ ከባለቤታቸው ከካትሪን ጋርም በሉጋንዳ የአዋላጅነት መጽሐፍ መጻፋቸው፣ ችግሩን እንደተረዱት ያሳያል፤ ሆኖም መዝገቡን አላዳነውም። እነዚህን መጻሕፍት ከመዝገቡ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ፣ ከእንግሊዝኛው ቃል በስተጀርባ የትኛው የሉጋንዳ ቃል እንደነበረ ለመገመት ያስችላል። ይህ ሥራ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የቋንቋ አዋቂም ድርሻ ነው፤ እስካሁን የተመሰገኑት ጥናቶች ግን ያነበቡት የሐኪም ዓይን ይዘው ነው።

መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በገጹ ላይ ያሉት ሰዎች ሞተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በዚያው ኮረብታ ዙሪያ ይኖሩ ይሆናል። ቂጥኝ ተብሎ ከተጻፈ ስም ጎን ስሕተቱን የሚያርመው ጥናት ካልተያያዘ፣ ምስሉ ለማንም ክፍት መሆኑ አያቱን ዳግመኛ ያሳማል። ስሙን መሰወር፣ የሕመሙን ምልክት ግን ሙሉውን መተው ይቻላል፤ ድካሙ ገጽ በገጽ ነው።