የመጋዙ ሌላኛው ጫፍ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «አንዴ ይቺን ብቻ ስማ» እያልኩ የጆሮ ማዳመጫ ስሰካበት። የቢሮ ባልደረቦቼ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ስልክ የተደወለላቸው መስለው ኮሪደሩን ለቀውልኝ ይወጣሉ። ባለቤቴ ትናንት ማታ ወጡን እያማሰለች «ቆይ ግን ይሄ ሰውዬ አይደክመውም?» አለች። እኔን ይሁን እሱን፣ አላጣራሁም። መልሱ ለሁለታችንም አንድ ነው። አይደክመውም!

ሰውየው ዶክ ዋትሰን ይባላል። የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ልጅ ነው፤ ዲፕ ጋፕ ከምትባል ተራራማ የገጠር መንደር። በ1923 ተወልዶ በ2012 በ89 ዓመቱ አረፈ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ። ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዓይን ሕመም ብርሃኑን አጥቷል። ሰባት የግራሚ ሽልማቶች ወስዷል፤ በ1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ብሔራዊውን የኪነ ጥበብ ሜዳሊያ ሰጥተውታል። ዓለም ይህን ሁሉ ሲያውቅ እኔ የት ነበርኩ? ቀብሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ እንደሚደርስ የሩቅ ዘመድ ነኝ። ልዩነቱ፣ እኔ የደረስኩት በእልልታ ነው።

ነገሩ የጀመረው በራሴ ስንፍና ነው። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ጊታር አለኝ። «ዘንድሮስ እማረዋለሁ» ብዬ አውርጄ፣ የሚቀለኝን ዘፈን ፍለጋ ስዳክር ሳላስበው «ብላክ ማውንቴን ራግ» የሚባል ሙዚቃ ተከፈተ። ዘፈን የለው፣ ከበሮ የለው፤ ጊታር ብቻ። በመጀመሪያው ደቂቃ ቁጭ አልኩ። በሁለተኛው ደቂቃ ተነሣሁ። ሲያልቅ ጊታሬን መልሼ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

ፈጣን ጊታር መቺ ብርቅ ሆኖብኝ እንዳይመስላችሁ። ሞልተዋል። ግን ፈጣን ተናጋሪ ቃል እንደሚውጥ ሁሉ ፈጣን ጣትም ድምፅ ይውጣል፤ ጆሯችን በፍጥነቱ ስለሚደነግጥ ጉድለቱን አይቆጥርም። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። የቪዲዮውን ፍጥነት በግማሽ ቀነስኩት፤ የት የት ላይ እንደሚያጭበረብር ልይበት ብዬ። አንዴ ሰማሁ፤ ደገምኩ፤ ሰለስኩ። እያንዳንዷ ድምፅ በወንፊት የወረደች ጤፍ ናት፤ ጠጠር የለባት፣ ገለባ የለባት። በግማሽ ፍጥነት ሌላ ዘፈን ሆነ፤ ረጋ ያለ፣ ያማረ፣ ለብቻው ሊደመጥ የሚችል። ሰውየው ለካ ቀስ ብሎ ነው የሚጫወተው፤ የሚቸኩለው ሰዓቱ ነው!

ከዚያ ቀኝ እጁን ማየት ጀመርኩ። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሀል ፒኳን፣ ያቺን ክር መምቻ፣ ይዟታል። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ክር ሲቀይርም፣ ዜማው ሲገለበጥም ያቺ ምልልስ አትዛነፍም። ፊቱ ላይ የልፋት ምልክት የለም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ወሬ የሚሰማ ሰው ይመስላል። ይህን የእጅ ምልልስ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ። የት እንደሆነ ግን ያወቅኩት የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ነው።

ለቤቱ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፤ እሱ ስድስተኛው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ በገዛ እጁ ባንጆ የሚባለውን የክር መሣሪያ ሠራለት። ለባንጆው ፊት የተወጠረው የአያቱ የጃጀች ድመት ቆዳ ነው። አትሳቁ! ማሲንቆ ያየ ሰው ድምፅ ከቆዳ እንደሚወጣ ያውቃል። አባትየው ባንጆውን ሲሰጠው አደራም ጨመረበት፤ በደንብ ተማረው፣ ኑሮህን ለመግፋት ይረዳህ ይሆናል የሚል።

ትልቁ ስጦታ ግን ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መጣ፤ መጋዝ። ግንድ የሚቆረጥበት፣ ግራና ቀኝ እጀታ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚስበው ረጅም መጋዝ። አባቱ አንደኛውን ጫፍ አስያዘው። እንግዲህ ልጁ አያይም። ሌላ አባት ቢሆን «ልጄን ይቆርጥብኛል» ብሎ ከግንዱ አጠገብ ባላስደረሰው። ዶክ ግን ይህን ነገር እስከ እርጅናው በምስጋና ያነሣው ነበር፤ ለቤቱ የሚረባ ሰው መሆኑን ያወቀው በዚያ መጋዝ ነውና።

የሁለት ሰው መጋዝ ሕግ አለው። ትስባለህ፣ ከዚያ ትለቃለህ። አይገፋም፤ ከገፋኸው ብረቱ ይጎብጥና እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል። አንተ ስትለቅ ባልንጀራህ ይስባል። ግንዱን የሚጥለው ምቱ ነው፤ ጉልበት ያለ ምት ላብ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፤ መሳብ፣ መልቀቅ። የማውቀው እጅ ይኸው! ማንም ሙዚቀኛ እንዲህ ብሎ ጽፎ አላየሁም፤ የእኔ ጆሮ ግን ከዚያ ወዲህ መጋዙን ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም።

መጋዙ ጊታርም ገዝቶለታል። የመጀመሪያ ጊታሩ ዐሥራ ሁለት ዶላር የወጣበት፣ ስቴላ የሚባለው ዓይነት ነው። ቀጥሎ የተሻለ ጊታር ሲያምረው፣ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በበሽታ የደረቁ የቼስትነት ዛፎችን ቆረጠና ለቆዳ ማልፊያ ሸጠ። ስሙንም ቢሆን ያገኘው በሥራ ላይ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት አርተል ነበር። ሌኖር በምትባል ከተማ ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር በቀጥታ በሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ አቅራቢው «ይሄ ስም ለሬዲዮ አይመችም» እያለ ሲቸገር፣ ከአድማጩ መሀል አንዱ «ዶክ በሉት!» ብሎ ጮኸ። የሼርሎክ ሆልምስን ጓደኛ ዶክተር ዋትሰንን አስቦ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ተአምር ልውሰዳችሁ። ዶክ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ፒያኖ እየቃኘ ያሳድራቸው ነበር። በ1953 ቴነሲ ውስጥ ጆንሰን ሲቲ ከተማ በሚሠራው የጃክ ዊሊያምስ ባንድ ገባ፤ ያውም ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ። ባንዱ ለስኩዌር ዳንስ ይጠራል፤ አራት አራት ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩት የገጠር ጭፈራ ነው። ለዚህ ጭፈራ ቫዮሊን የግድ ነው፤ ያለ ቫዮሊን ስኩዌር ዳንስ ከበሮ የሌለው ሠርግ በሉት። ባንዱ ደግሞ ቫዮሊን ተጫዋች የለውም! ሌላ ባንድ ቢሆን ሥራውን «ይቅርብን» ይል ነበር። ዶክ የቫዮሊኑን ዜማዎች አንድ በአንድ ወደ ጊታሩ አመጣቸው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጊታር ይዞ የታገለ ያውቀዋል። ቫዮሊን ቀስት አላት። ቀስት በአንድ ስበት አራት አምስት ድምፅ እየተንሸራተተ ያወጣል። ጊታር ላይ እንዲህ ያለ መንሸራተት የለም፤ እያንዳንዷን ድምፅ ለብቻዋ መምታት አለብህ። ቀስቱ አንዴ በተሳበ ቁጥር ፒኳ አራት አምስት ጊዜ መምታት አለባት፤ ጨፋሪው ደግሞ እግሩን አንሥቷል፣ አይጠብቅህም። ከሰባት ዓመት በላይ በዚህ ዓይነት የዳንስ አዳራሾች የሠለጠነ እጅ ነው እኔን ከወንበሬ ያስነሣኝ። ያኔ ቫዮሊን ተጫዋች ቢገኝ ኖሮስ? ሳስበው ይዘገንነኛል። ተመስገን፣ አልተገኘም!

በ1960 ራልፍ ሪንዝለር የሚባል የባህል ሙዚቃ አጥኚ፣ ክላረንስ አሽሊ የተባለውን አንጋፋ ባንጆ ተጫዋች ሊቀዳ ከኒው ዮርክ መጣ። ዶክንም አገናኙት። ዶክ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ሪንዝለር የሚፈልገው ጥንታዊውን ድምፅ ነው፤ አልተግባቡም። በማግስቱ ሁሉም በመኪና ሲጓዙ ሪንዝለር ፒክአፕ መኪና ጀርባ ተቀምጦ ባንጆ ይነካካል። ዶክ ከጋቢና ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠና ባንጆውን አምጣው አለው። ሪንዝለር ከዚያ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተከራከረ አይመስለኝም። በዓመቱ ዶክ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ነበር፤ በ1963 ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ ወጣ፤ በ1964 በስሙ የተጠራው የመጀመሪያ የብቻ አልበሙ ታተመ። ዕድሜው አርባ ገደማ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ዓይነ ስውር ሰው፣ ብቻውን፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ።

ያን የ1964 አልበም ካልሰማችሁ ዛሬ ማታ ስሙት። ነገ አትበሉ። «ብላክ ማውንቴን ራግ» እዚያ ውስጥ አለች። «ዲፕ ሪቨር ብሉዝ»ም አለች፤ እሷን ፒክ በመያዝ አይደለም የሚጫወታት፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ነው። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ እንደ ከበሮ ሲረግጥ ጠቋሚው ላይ ላዩን ዜማውን ይነግራችኋል። እንደሚፈልገው አድርጎ እስኪይዛት ዐሥር ዓመት ገደማ እንደፈጀችበት ራሱ ተናግሯል። ዐሥር ዓመት፣ ለአንድ ዘፈን! እኔ ጊታሬን በሁለት ደቂቃ ነው የሰቀልኩት።

ድምፁን ደግሞ አልነገርኳችሁም። ወፍራም፣ ሞቃት፣ ምንም የማያስመስል። «ቶም ዱሊ»ን ስሙለት። በጎረቤቱ ዊልክስ አውራጃ ሴት ገድሏል ተብሎ በ1868 የተሰቀለ ሰው ታሪክ ነው። በ1958 ኪንግስተን ትሪዮ የተባሉ ወጣቶች ዘፍነውት አገር ምድሩን አዳርሷል። የዶክ ግን ከአያት ከቅድመ አያቱ ሲወርድ የመጣው ነው፤ የሰፈሩን ሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ሆኖ ነው የሚዘፍነው።

ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ሰዎች ለምን እንደሚሰግዱለትም አሁን ገባኝ። ቢል ሞንሮ ባቆመው በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ፊት ለፊት የሚወጡት ማንዶሊን፣ ቫዮሊንና ባንጆ ናቸው፤ ጊታር ከኋላ ሆኖ ምት ይጠብቃል። እንደ ዶን ሪኖና ጆርጅ ሸፍለር ያሉት ቀደም ብለው ጊታሩን ወደ ፊት ገፋ አድርገውታል። ዶክ ከመጣ በኋላ ግን መልሶ ከኋላ የሚያስቀምጠው ጠፋ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገና አፍላ ወጣት የነበረው ክላረንስ ዋይት እሱን ሰምቶ መንገዱን ቀየረ፤ ቶኒ ራይስ ደግሞ የዋይትን ፈለግ ተከተለ። ዛሬ ብሉግራስ ጊታር በፒክ የሚፈጥን ሁሉ ቅድመ አያቱን ቢጠይቁት ዲፕ ጋፕ ይደርሳል።

ልቤን የወሰደው ግን ልጁ ነው። በ1949 ወንድ ልጅ ሲወለድለት ኤዲ መርል አለው፤ መርል የተባለው ከታላቁ ጊታር መቺ ከመርል ትራቪስ ነው። ዶክና ትራቪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት ናሽቪል ውስጥ በ1972 የወጣው «ዊል ዘ ሰርክል ቢ አንብሮክን» አልበም ሲቀዳ ነው። ቴፑ እየዞረ ነበርና ጨዋታቸው ሳይቀር አልበሙ ላይ ቀርቷል። ዶክ ልጁን በስሙ እንደጠራው፣ ከችሎታው ትንሽ ይጋባበት ይሆናል ብሎ እንደተመኘ ሲነግረው ትሰማላችሁ። ተጋብቶበታልም! በ1964 አባቱ መንገድ ላይ ሳለ እናቱ ሮዛ ሊ የመጀመሪያዎቹን ኮርዶች አሳየችው። ዶክ ሲመለስ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጁ ጊታር ይዞ ጠበቀው። በዚያው ዓመት አብረው መድረክ ወጡ። አውቶቡስ ቀረ፤ ብቸኝነት ቀረ። ሃያ ዓመት ሙሉ መርል የአባቱ ሹፌር፣ ዓይን፣ ሁለተኛ ጊታር ሆነ። ሁለቱን አብረው ስትሰሟቸው አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይስባል።

በጥቅምት 1985 መርል ትራክተር ተገልብጦበት ሞተ። 36 ዓመቱ ነበር። ዶክ ጊታሩን ሊያስቀምጥ ቆረጠ። ከዚያ ሕልም አየ፤ በሚያቃጥል ስፍራ፣ በሚያሰምጥ አሸዋ ተውጦ ሳለ ጠንካራ የመርል እጅ መጥቶ «ና አባባ፣ ትችላለህ» ብሎ ሲስበው። ይህን ሕልም ራሱ ነው ለሰው የነገረው። ተመልሶ መድረክ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወተ። በ1988 ዊልክስቦሮ ከተማ ውስጥ በልጁ ስም መርልፌስት የሚባል የሙዚቃ በዓል ተጀመረ፤ ከዶክም ሞት በኋላ ይከበራል።

በ2011 ቡን ከተማ ሐውልት ሲያቆሙለት፣ ካቆማችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉበት አላቸው፤ «ከሕዝቡ አንዱ ብቻ»። ሐውልቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታር ይመታል። ፎቶውን ሳይ ዓይኔ የሄደው አጠገቡ ወዳለው ክፍት ቦታ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጊታሬን መልሼ አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ፣ ፒኳን ይዤ፣ «ብላክ ማውንቴን ራግ»ን በሩብ ፍጥነት ከፈትኩ። ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ ጥቂት አዳመጠችና «እየገፋኸው ነው» አለችኝ። የመጋዙን ነገር ስንቴ እንደነገርኳት አስቡት! ልክ ናት። መሳቡስ አልከበደኝም፤ ያቃተኝ መልቀቁ ነው።