የዝሆኔ መድኃኒት መጠን፦ ለሕዝብ የተቀመረው ለአንድ ሕሙም ይበቃልን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ፣ አይቨርሜክቲን፣ ዳይኢታይልካርባማዚንና አልቤንዳዞል ባንድነት እንዲታደሉ መምከሩ በሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ቁጥጥር ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው። መሠረቱም ጠንካራ ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተካሂዶ በ2018 በታተመው ጥናት፣ ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ ጊዜ ብቻ ከወሰዱት አዋቂዎች መካከል ከዓመት በኋላ ደማቸው ከማይክሮፊላሪያ ነጻ የሆነው 96 በመቶ ነበሩ፤ ዳይኢታይልካርባማዚንና አልቤንዳዞልን አንድ ጊዜ ከወሰዱት ግን 32 በመቶ ብቻ።

ይሁንና ውጤቱ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሁለት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ለማነጻጸሪያ የቀረበው ሕክምና ከ2009 ጀምሮ በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚታደለው የአይቨርሜክቲንና የአልቤንዳዞል ጥምረት አይደለም። ሁለተኛ፣ ኦንኮሰርሲያሲስ ባለበት አካባቢ መመሪያው ራሱ የሦስቱን ጥምረት አይመክርም፤ ዳይኢታይልካርባማዚን በኦንኮሰርሲያሲስ ሕሙማን ላይ ብርቱ የቆዳና የዐይን ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና። ፊላሪያሲስ የሚታይበት ምዕራባዊው ቆላ ደግሞ በብዙ ስፍራ የኦንኮሰርሲያሲስም ቀጣና ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን ለሕዝብ የተቀመረውን መጠን ለግለሰብ ፈውስ አድርጎ መውሰድ ነው። አይቨርሜክቲን በዘመቻ ጊዜ በቁመት ይለካል፦ ከ90 እስከ 119 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ባለ 3 ሚሊ ግራም እንክብል፣ ከ159 ጀምሮ አራት። ለዘመቻ ይህ ብልኃት ነው። ሚዛን ባለበት ሆስፒታል ግን መጠንን በቁመት መወሰን ምክንያት የለውም።

የድሬዳዋ ሁኔታ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ከተማዋ በ2013 በዴንጊ፣ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ባዛመተው ወባ ተጠቅታለች። ሆኖም ትንኝ መብዛቱ ብቻውን የጅምላ መድኃኒት እደላን አያስፈልግም። ለድሬዳዋ ሐኪም የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከጋምቤላ ወይም ከቤኒሻንጉል መጥቶ እግሩ ያበጠ አንድ ሠራተኛ ቢቀርብ ምን ይደረግ?

ከመጠኑ በፊት ምርመራው ይቀድማል። «ዝሆኔ» የሚለው ስም ፊላሪያሲስንም፣ በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን ፖዶኮኒዮሲስንም ያጠቃልላል፤ ለኋለኛው ትልም መድኃኒቱም የለም። ስለዚህ የአንቲጅን ምርመራ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚወሰድ ደም፣ እንዲሁም ለኦንኮሰርሲያሲስ የቆዳ ናሙና ያስፈልጋል። ሕሙሙ ከኦንኮሰርሲያሲስና ከሎያሲስ ነጻ ከሆነ ዳይኢታይልካርባማዚን በኪሎ 6 ሚሊ ግራም ለአንድ ወይም ለ12 ቀን ይሰጣል፤ ኦንኮሰርሲያሲስ ካለበት ግን ዶክሲሳይክሊን በቀን 200 ሚሊ ግራም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊታሰብ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የቆየውን እብጠት መድኃኒት ብቻውን አያጠፋውም። እግርን በየቀኑ ማጠብና ማድረቅ፣ ቁስልን መንከባከብ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ማድረግ የሕክምናው አካል ናቸው። መመሪያው ወደፊት ሲሻሻል፣ በሽታው ከማይዛመትበት ከተማ ለሚታከመው ለዚህ ሰው አንድ ምዕራፍ ሊመደብለት ይገባል።