ዳግም መታተምና ዳግም መነበብ

የተረሱ የሳይንስና የምናብ ልብ ወለዶችን ፈልጎ ማሳተም በሐያስያን ዘንድ ያለ ጥያቄ የሚመሰገን ሥራ ሆኗል። ነገሩ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠራው የሊን ካርተር ስም ነው። ካርተር ለአሜሪካው ባለንታይን አሳታሚ ድርጅት ከ1969 እስከ 1974 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመረጣቸው የፋንታሲ ልብ ወለዶች፣ ባለ አንድ ቀንዱን ፈረስ በሽፋናቸው ይዘው፣ ለአንድ ትውልድ የዘርፉ ቤተ መጻሕፍት ሆነዋል። ይሁንና መጽሐፍ ወደ ገበያ ተመለሰ ማለት በወጉ ተነበበ ማለት አይደለም። ተከታታዩ የተወለደው ቶልኪንን ጨርሶ ሌላ የሚፈልገውን አንባቢ ለማርካት ነበርና ያለፉት ደራስያን ሁሉ የቶልኪን ቅድመ አያት ወይም የሩቅ ዘመድ ተደርገው ቀረቡ። በዚህ ዝምድና ክፉኛ የተጎዳው የሆፕ መርሊስ «ለድ ኢን ዘ ሚስት» ይመስለኛል።

መጽሐፉ በ1926 ሲታተም መርሊስ በቨርጂኒያና በሌናርድ ዉልፍ ማተሚያ ቤት የወጣው «ፓሪስ» የተሰኘው ረጅም ዘመናዊ ግጥም ባለቤት ነበረች። ልብ ወለዱ ውስጥ ጀግና ተጓዥ፣ የተቀደሰ ሰይፍ፣ የጨለማ ንጉሥ የሚባል ነገር የለም። ያለው የነጋዴዎች ከተማ ነው። ነጋዴዎቹ መስፍኑን ካባረሩ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ከጎረቤት የተረት ምድር በድብቅ የሚገባውን፣ የበላውን ሰው አእምሮ የሚነሣውን ፍሬ ስሙን መጥራት እንኳ ነውር አድርገውታል። ታዲያ ሕግ ስሙ የማይጠራን ነገር እንዴት ይከለክላል? የመርሊስ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በሕጉ ዓይን ፍሬው ሐር ነው፤ አስገቢው የሚከሰሰውም ሐር በኮንትሮባንድ አስገባ ተብሎ ነው። ዳኛው፣ ጠበቃውና ተከሳሹ እውነቱን እያወቁ ስለ ጨርቅ ይከራከራሉ። ይኸው ሕግ ኋላ ከንቲባውን ናትናኤል ቻንቲክሊርን፣ በሕይወት ቆሞ እየሄደ፣ ሞቷል ብሎ ይወስንበታል። ደራሲዋ ከዚህ የምታወጣው ሐሳብ ከባድ ነው፤ ተረትን ያባረረው ሕግ ራሱ ተረት ፈጣሪ ሆኗል፤ የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም እያለ ይኖራል። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ የቶልኪን ዓለም ማሟሻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ምኑን አነበበው? ፍርድ ቤቱን እንደ መግቢያ ዘልሎ ተረቱን ፍለጋ ይሮጣል፤ ትልቁ ተረት ግን ያለው እዚያው ችሎቱ ላይ ነው።

የቶልኪን ስም ባይኖር መጽሐፉ ጨርሶ አይታተምም ነበር የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እውነት ነው፤ ገበያውን የከፈተው ያ ስም ነው። ነገር ግን ገዢን ወደ መደርደሪያው የሚጠራ ማስታወቂያ የሂስ ሚዛን ሲሆን ዝም ማለት አይገባም። ማስታወቂያው በሽፋኑ ላይ ይቆይ፤ ሐያሲው ከሽፋኑ አልፎ መግባት አለበት። ቸልታው ደግሞ በንባብ ብቻ አልተወሰነም። የ1970ው እትም የወጣው ያለ ደራሲዋ ፈቃድ ሲሆን መርሊስ እስከ 1978 በሕይወት ነበረች። ናትናኤልን በቁሙ የሞተ ያለውን ሸንጎ ለፈጠረች ደራሲ ከዚህ የባሰ በደል አይታየኝም። የዊልያም ሆፕ ሆጅሰን «ዘ ናይት ላንድ»ም በ1972 ለሁለት ተከፍሎና አጥሮ ታተመ። የሆጅሰን ቋንቋ አድካሚ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ፀሐይ በሞተችበት ምድር የሚደረገውን ጉዞ ርዝመት አንባቢው የሚሸከመው በዚያው ድካም ነው፤ እሱ ሲቆረጥ ጉዞውም አብሮ ያጥራል።

ይህ ሁሉ ተብሎም ኢቫንጀሊን ዋልተን ላይ ስደርስ ክሴን ማለዘብ ግድ ይለኛል። በዌልስ ጥንታዊ ትርክቶች ላይ የቆመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1936 ወጥቶ ገዢ አጣ። ባለንታይን በ1970 በአዲስ ርዕስ ሲያሳትመው ነው ደራሲዋ በሕይወት እንዳለች፣ አሳታሚ ያጣ ሌላ ሥራም በእጇ እንዳለ የታወቀው። ድርጅቱ ፊቱን አላዞረም፤ «የሊር ልጆች»ን በ1971፣ «የሪያነን መዝሙር»ን በ1972፣ «የአኑን መስፍን»ን በ1974 አወጣላት። ዋልተን ያን ጊዜ ስድሳ ዓመት አልፏታል። «የሊር ልጆች» ውስጥ ወንድማማቾች በእህታቸው ጋብቻ ሰበብ ሁለት ሕዝብ ሲያጫርሱ የምታሳይበት ትዕግሥት፣ አንዱንም ወገን ከሐዘኗ ሳታጎድል መጻፏ፣ በዘርፉ ውስጥ እኩያ አላገኘሁለትም። ካርተር ሌላ መጽሐፍ ባያሳትም ኖሮ እንኳ ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ባለውለታችን ነው።