ምራቲቱና አማቷ

ጃፓናዊቷ ሳዋኮ አሪዮሺ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውና በ1984 በእንግሊዝኛ የወጣው ልብ ወለድ (ርእሱን «የምሽት ዘመን» ብንለው ያስኬዳል) እዚህ ጊጊሪ ብዙ አከራክሮናል።

ሽማግሌው ሺጌዞ ጃጅተዋል። የወለዱትን ልጅ «ሌባ!» ይላሉ፤ ሲያመናጭቋት የኖሩትን ምራታቸውን አኪኮን ግን ያውቋታል። ልጅየው ኖቡቶሺ የገዛ እርጅናውን በአባቱ ፊት እያየ ይሸሻል። ሌሊት የምትነሣው ቢሮ ውላ የምትመጣው አኪኮ ናት።

አንዳንዶቻችን «ትዕግሥትን የሚሰብክ መጽሐፍ ነው» አልን። አይደለም፤ አኪኮ ትማረራለች። ስልክ ልታነሣ ዘወር ስትል ሽማግሌው በገላ መታጠቢያው ሊሰጥሙ ይደርሳሉ። ከሳንባ ምች ከተረፉ በኋላ ነው ቁርጥ ሐሳብ የምታደርገው፤ ከእንግዲህ በተቻላት መጠን ልታኖራቸው። ምስጋና አታገኝም፤ የድካሟን ትርጉም ከራሷ ውሳኔ ታወጣዋለች። የድርሰቱ ብርታት ይህ ነው።

በበኩላችን ቅር ያሰኘን ኖቡቶሺ በቀላሉ መለቀቁ ነው። በእኛም ዘንድ ሸክሙ የምራትና የሴት ልጅ ነው፤ ወንዱ «ጃጁ እኮ!» ብሎ ይስቃል። ደግሞ ሺጌዞ የሚጠፉት በገዛ አገራቸው ነው። የእኛ እናቶች «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ ግን የሚጠሩት ቤት ከድንበር ማዶ ነው፤ መርሳት ይሁን ናፍቆት መለየት ያስቸግራል። ይህን የሚጽፍልን ከመካከላችን ቢገኝ ለሚቀጥለው እትም ቦታ አስቀምጠናል።