የዛርና የአስማት ጽሑፍ በማን እጅ ይገኛል?

ያለፈው እትማችን ከወጣ ወዲህ በአንድ ጉዳይ ላይ ሦስት ማስታወሻዎች ደርሰውናል። የመጀመሪያው አንባቢ ስለ ዛር፣ ስለ አድባር፣ ስለ ኮከብ ቆጠራና በጠቅላላው ስለ ረቂቁ ዓለም የሚጽፍ መጽሔት በአማርኛ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው በመጠለያው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ሰማያዊ ደብተር በተከታታይ እየገለበጥን እንድናወጣው ያሳስባሉ። ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በዚህች መጽሔት ላይ ከወጣ ሁለተኛ በእጃቸው እንደማይዟት አስታውቀዋል። ለሦስቱም የሚገባቸውን መልስ ለመስጠት ደብተሩን ተውሰን ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። ከዚህ በታች የሰፈረው ሂስ ከዚያ ንባብ የመጣ ነው።

ለመጀመሪያው አንባቢ አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ በአገራችን የዚህ ዕውቀት መጽሔት ራሱ የደብተራው ደብተር ነው። አዘጋጅ የለውም፤ ማተሚያ ቤትም አያውቀውም። የሚገለብጠው ሁሉ የወደደውን ጨምሮ ያልወደደውን ትቶ አዲስ እትም ያወጣል። ስለሆነም አንዱ ቅጂ ከሌላው ጋር ሲተያይ አይገጥምም። በእጅ የሚገለበጥ ጽሑፍ ጠባዩ ይህ መሆኑን የዚህች መጽሔት ገልባጮች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

በእጃችን የገባው ቅጂ በተራ የተማሪ ደብተር ላይ በጥቁርና በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። የቅዱሳኑ ስም በቀይ መጻፉ የብራና ወግ ስለሆነ ጸሐፊው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ መሆኑ ይታወቃል። እጅ ጽሑፉ ያምራል። የያዘው ነገር ግን አንድ ወጥ አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍል ከዐውደ ነገሥት የተቀዳ ነው። ዐውደ ነገሥት በአዲስ አበባ ታትሞ በመጽሐፍ አዟሪዎች እጅ ሲሸጥ የኖረ ስለሆነ ብዙዎቻችን በዓይን እናውቀዋለን። አሠራሩ ሒሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። ድምሩ 77 ቢሆን 12 ስድስት ጊዜ ተገድፎ 5 ይተርፋል፤ አምስተኛው ኮከብ አሰድ ነውና ሰውየው አሰድ ነው ማለት ነው። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል።

እዚህ ላይ በሾዋክ ገበያ ለሚውል ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሐበሻ ከጥንት ጀምሮ በምሥጢር የጠበቃቸው ናቸው የሚባሉትን የ12ቱን ከዋክብት ስሞች ጮክ ብሎ ያንብባቸው። አቅራብ ጠዋት ጠዋት ጫማችንን እያራገፍን የምንፈራው ጊንጥ ነው። ሰንቡላ የእህል ዛላ ነው፤ በገዳሪፍ ማሽላ ለመቁረጥ የወጣ ሁሉ ዛላውን ያውቀዋል። ጀዲ የፍየል ግልገል፣ ደለዊ የውሃ መቅጃ ባልዲ፣ ቀውስ ቀስት፣ አሰድ አንበሳ፣ ሑት ትልቅ ዓሣ ነው። ሚዛንማ በእኛም ቋንቋ ያው ሚዛን ነው። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ዐረቦቹም የከዋክብቱን ሥርዓት ከግሪኮች፣ ግሪኮቹም ከባቢሎን ሰዎች ተቀብለውታል። ይህ ዐውደ ነገሥትን የሚያሳንሰው አይደለም። ከባቢሎን እስከ ጎጃም የደረሰ ጽሑፍ ክብር ይገባዋል። የሚያሳንሰው ይልቁንስ «የራሳችን ብቻ ምሥጢር» እያለ የሚያሻሽጠው ወሬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከበድ ይላል። በዚህ ሒሳብ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ቁጥራቸው የተለያየ ነው፤ እንዲሁም ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ። ኃይሉ የተባለ ሰው ስሙን በአንዱ ቢጽፍ አንድ ኮከብ፣ በሌላው ቢጽፍ ሌላ ኮከብ ይወጣለታል። ሊቃውንቱ ትክክለኛው ሆሄ አንድ ብቻ ነው ይላሉ፤ ይሁን እንበል። ዳሩ ግን ስማችን በምዝገባ ጊዜ በዐረብኛ ተጽፎ፣ ከዐረብኛ ወደ ላቲን ፊደል ተገልብጦ፣ ካርድ ላይ ሲመለስልን እናቶቻችን እንኳ አያውቁትም። ካርዱ ላይ ያለው ሰውዬ ኮከቡ ማን ሊሆን ነው?

ትንቢቶቹ እንደ ጽሑፍ ሲመዘኑ ድሆች ናቸው። 12ቱም ኮከብ ምቀኛ ተመድቦለታል፤ 12ቱም ከዘመድ ይከዳል፤ 12ቱም ከአንድ ከባድ ሕመም ይተርፋል። በስደት ላይ ላለ ሰው ይህ ሁሉ የተፈጸመ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለዚህም ነው ደብተሩ በዚህ አካባቢ ይህን ያህል የተወደደው።

ሁለተኛው ክፍል ግን በእኛ ግምት እውነተኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። በክታብ ጥቅልሎች ላይ በብዛት የሚገኘው የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ እዚህ አለ። ሱስንዮስ ሕፃን ልጁ ይሞትበታል። ገዳይቱ የገዛ እኅቱ መሆንዋን ያውቃል። ጦሩን አንስቶ ፈረሱን ጭኖ ይከተላታል፤ በመንገድ ያገኛትን አሮጊት ይጠይቃል፤ አሳዳጁ ይደርሳል፤ ይወጋታል። ከዚህ ያለፈ ማብራሪያ የለም። ተራኪው አያለቅስም፣ አይመክርም፣ ፈረሱን ብቻ ያስሮጠዋል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለዚህች መጽሔት ከተላኩት አጫጭር ልቦለዶች መካከል እንዲህ በጥቂት ቃል ወደ ነገሩ የሚገባ ስንት አግኝተናል? በተጨማሪም ታሪኩ ገዳዩን ከጫካ አያመጣውም፤ እቤት ውስጥ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጣች እኅት ላይ ያደርገዋል። በሾተላይ ምክንያት ልጅ በልጅ ላይ የቀበረች እናት ይህን ስትሰማ የምትፈራውን ነገር ስሙን የጠራላት ሰው አገኘች ማለት ነው።

ክታቡ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እንደ ልማዱ ብራናው የባለቤቷን ቁመት ያህል ይረዝማል፤ በጸሎቱ መካከል ለክርስትና ስሟ ክፍት ቦታ ይተውላታል። ክታቡ ሲሸጥ የፊተኛዪቱ ስም ይፋቅና የአዲሲቱ ይገባል። በዚህ ምክንያት ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ጥቅልሎች ብዙዎቹ የአንዲት ታማሚ ሴት ስም ይዘዋል። ከነገሥታቱና ከመሳፍንቱ ሌላ ስማቸው በብራና የተረፈልን እነዚህ ናቸው፤ ያውም ስለታመሙ ነው።

ሦስተኛው ክፍል የመድኃኒት አዘገጃጀት ነው። ይህንን አንገለብጥም፤ ምክንያታችንም እንደሚከተለው ነው። «ለአእምሮ መክፈቻ» ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ዐጤ ፋሪስ፣ በሌላ ስሙ አስተናግር የሚባለው ቅጠል ይገኛል። ይህ ተክል መርዝ ነው፤ መጠኑን የሳተ ሰው ያብዳል ወይም ይሞታል። በየቆሻሻ መጣያው ዳር ስለሚበቅል ለመፈለግ ሩቅ መሄድም አያሻም። መጠኑም በደብተሩ ላይ «ጥቂት» ተብሎ ብቻ ተጽፏል። የቆዩት ባለመድኃኒቶች ልኩን በአፍ ያስተላልፉ ነበር፤ ገልባጩ ግን ወረቀቱን እንጂ መምህሩን ይዞ አልተሰደደም።

ሦስተኛው አንባቢ የተቆጡት ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ያለፈው ክረምት እንዳበቃ ትኩሳት የያዘው አንድ ሕፃን ወደ ክሊኒክ ከመወሰዱ በፊት ሦስት ቀን ክታብ ሲጻፍለት ሰንብቷል፤ የክታቡ ዋጋም የቤተሰቡ የሳምንት ማሽላ ነበር። ሁላችንም ቀብር ወጥተናል። ሕፃኑን የገደለው ወባ ነው እንጂ ሱስንዮስ አይደለም፤ ሦስቱን ቀን የወሰደው ግን ጽሑፉን በማሽላ የሸጠው ሰው ነው። በዚህ ከአንባቢያችን ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ነገሩ በዝምታ ይጠፋል ብለው በማሰባቸው ላይ ነው። ደብተሩን ያላነበበ ሰው የትኛው ገጽ ተረት፣ የትኛው ጸሎት፣ የትኛው መርዝ መሆኑን ለጎረቤቱ ሊነግረው አይችልም።

ዝምታው ደግሞ በእኛ በኩል ብቻ ነው። ሌሎች ዝም አላሉም። ይኸው በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ላይ ያለውን ገላባትን ተሻግሮ በ1932 እ.ኤ.አ. ወደ መተማ የገባ አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነበር፤ መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ጸሐፊ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ ጎንደር ላይ ከዛር ባለቤቲቱ ከመልካም አያሁ ቤት ወራት ሙሉ እየዋለ የሰማውን ሁሉ በማስታወሻ ያዘ። በ1933 እ.ኤ.አ. «ሚኖቶር» የተባለው የፓሪስ የሥነ ጥበብ መጽሔት ሁለተኛ ቁጥሩን ለዚህ ጉዞ ሰጠ፤ ሌሪስም ሰይፉ ጨንገር ለተባለው ዛር ስለታረደ በሬ ጻፈበት። የዚህን መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ሽፋን የሠራው ፒካሶ ነው። እንግዲህ የጎንደር ዛር በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ቦታ ሳያገኝ በፓሪስ ከፒካሶ ጎን ተቀመጠ።

ሌሪስ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ የዛርን ሥርዓት ከቴአትር ጋር አነጻጽሮታል። ይህ አስተያየት ሊጠና የሚገባው ነው፤ ዛር ያደረበት ሰው ልብሱን፣ ድምፁን፣ አነጋገሩን እንደሚለውጥ ያየ ሁሉ ይረዳዋል። ሰውየው ያስመስላል ማለት ግን አይደለም። ከዚሁ ጋር የጉዞው ዋጋ ሊነገር ይገባል። ያው ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ልጦ በቅጂ ተክቶ ወስዷል፤ ከ300 የሚበልጡ ጽሑፎችም ፓሪስ ገብተዋል። ቮልፍ ሌስላው የዛር ፈረሶች የሚነጋገሩበትን ልዩ ቋንቋ በ1949 እ.ኤ.አ. «አፍሪካ» በተባለው የሎንዶን መጽሔት አወጣ። ስቴፋን ስትሬልሲን መፍትሔ ሥራይን በ1955 እ.ኤ.አ. በፖላንድ የምሥራቃውያን ጥናት መጽሔት ከነትርጉሙ አሳተመ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየአገራቸውን ልማድ የሚያትት መጽሔት ነበራቸው፤ ሥራው የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጠያቂያችን መጽሔት ከፈለጉ መጽሔቶቹ እነዚህ ናቸው። የነገራቸው አማርኛ ተናጋሪ፣ የሚያነባቸው ሌላ ነው።

የራሳችን የቆየ ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የከሳሽ ቃል ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደስክና ዲኖ የተባሉትን የሚያመልኩትን አጥብቆ አሳደደ፤ እኛም ደስክ የሚባል ነገር እንደነበረ የምናውቀው በዚሁ ክስ ነው። አምላኪዎቹ ምን ይሉ እንደነበር የጻፈ የለም። ከዚያ ወዲህም ያለው «ባዕድ አምልኮ» የሚል ስም ብቻ ነው። አያታችን ቅቤ የምትቀባው የመንደሯ ዋርካ ለእርሷ ባዕድ የሆነው በምን በኩል ነው? እምነቱን መንቀፍ ይቻላል። ስሙ ግን ለዚያች ሴት አይስማማትም።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ማታ ማታ ከወንዙ ማዶ የሚሰማውን የሱዳን ሴቶች የዛር ከበሮ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በሱዳን ዛር መናፍስቱ በወገን በወገን የተከፈሉ ናቸው፤ ፓሻዎች፣ ከዋጃዎች፣ ደርዊሾች አሉ። አገሩን የረገጠው እንግዳ ሁሉ ሄዶ መንፈስ ሆኖ ቀርቷል። ከእነዚህም መካከል ሐበሾች የሚባሉ አሉ፤ ሲመጡ ቡና ይፈላላቸዋል። በጎረቤቶቻችን ዘንድ እኛም ከረቂቁ ዓለም ተቆጥረናል ማለት ነው። ራሽን ካርድ ግን ከፓሻዎቹም ሆነ ከደርዊሾቹ አልተጠየቀም።

ስለዚህ የአዘጋጆቹ ውሳኔ የሚከተለው ነው። የሱስንዮስን ታሪክ በሚቀጥለው እትም ከግዕዙ ወደ አማርኛ መልሰን እናወጣለን። የኮከቡን ሰንጠረዥ የከዋክብቱን ስም ትርጉም ጨምረን አንድ ጊዜ ብቻ እናወጣለን። የመድኃኒቱን ክፍል አናወጣም። በየብሎኩ ያሉ እናቶች ስለ አድባር፣ ስለ አቴቴ፣ ስለ ጨሌና ስለ ውቃቢ የሚያውቁትን በራሳቸው አነጋገር የሚጽፍላቸው ወጣት ቢኖር ወረቀት እንሰጣለን። ጸሐፊው የሰማበትን አገርና ዘመን ያመልክት፤ የተናጋሪዋን ስም ግን ካልፈቀደች አይጻፍ፤ ከራሱም ምርቃትም እርግማንም አይጨምር። ሰማያዊው ደብተር ለባለቤቱ ተመልሷል።