ቆርቆሮ የሚቆጥሩ መጽሔቶች

ወደ ድሬዳዋ ከተማ ስወርድ የአጥቢያ የምስረታ በዓል መጽሔት ካየሁ ሳልገዛ አልመለስም። ቢዮ አዋሌ ባለው ቤቴ አንድ መደርደሪያ ሞልተዋል። አንዱን ያነበበ ሌላውንም እንዳነበበ ይቆጠር፦ ቦታው መቼ ተመራ፣ መሠረቱ መቼ ተጣለ፣ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ገባ፣ ስንት ቆርቆሮ ተመታ፣ አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል። ቀጥሎ ሙሉ ልብስ የለበሱ የሽማግሌዎች ፎቶግራፍ። ይህ የንብረት መዝገብ ነው፤ ታሪክ ለማለት ይቸግረኛል።

በአንድ ምሳሌ እንየው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ደደር፣ በደኖና ድሬዳዋ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ካገለገሉባቸው ቦታዎች ናቸው። በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአሮጌ የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አስር ሰዎች ተጠመቁ። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። አባላቷ ያኔ ወደ 5,000 ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከየጓዳው የወጡት ግን ወደ 34,000 ሆኑ።

እንግዲህ በሕንፃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት ምን ብሎ ሊጽፋቸው ነው? አዳራሽ የለ፣ መሠረት አልተጣለ፣ ቆርቆሮ አልተመታ። ቤተ ክርስቲያን እጅግ የበዛችበት ዘመን ባዶ ገጽ ሊሆን ነው።

ናታን ሄጌ በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ ወጥመድ አምልጧል። ርዕሱ «ከጸሎታችን በላይ» እንደ ማለት ነው፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። ሆኖም ደራሲው ሚሲዮናዊ ነበር፣ መጽሐፉም በሰው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጥቂት ሰዎች ቡና ሊጠጡ የመጡ መስለው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ በተሰበሰቡበት ቤት፣ ቡናውን ያፈላችው እናት በራሷ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ስትናገር መስማት እፈልጋለሁ። ይህን ከሄጌ መጠየቅ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የእኛ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ እኔም ተወቃሽ ነኝ። ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ የአንድ አጥቢያ መጽሔት እንዳርም ተሰጠኝ። አንዲት እናት በደርግ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ በማሽላ ጆንያ ውስጥ ደብቀው እንዳቆዩ የምትናገር አንዲት አንቀጽ ነበረች። ገጽ ስለ ጠበበኝ ቆረጥኳት። የጄኔሬተሩ ዋጋ ግን አልተቆረጠም። ማዘር ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው፤ ጆንያው የት ነበር የሚቀመጠው፣ ማን ነገራቸው፣ ፈርተው ነበር ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሕንፃ አይጻፍ እያልኩ አይደለም። ነህምያ ምዕራፍ 3ን አንብቡ፤ ከዳር እስከ ዳር የግንባታ ሪፖርት ነው፤ በር፣ መዝጊያ፣ መወርወሪያ። ብዙ ሰባኪ ይዘለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የቅጥር ክፍል ባለቤት አለው፦ ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቱ ቀማሚው፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የሠራው ሰሎም። ሥራውን አንሠራም ያሉት የቴቁሔ ታላላቆችም አልተዘለሉም። የእኛ መጽሔቶች ይህን ይደፍራሉ? ተከፍለው የሄዱ ወገኖች፣ በመከራው ጊዜ የተመለሱ፣ ለቦታው ገንዘብ ከልክለው የነበሩ ሰዎች በአንዳቸውም ውስጥ የሉም። ሁሉም «በአንድ ልብ» ነው የተሠራው። እኔ በአንድ ልብ የተሠራ አጥር እንኳ አላየሁም።

የሰፈራችን ወጣቶች ዘንድሮ የአጥቢያቸውን ታሪክ ሊጽፉ ተነሥተዋል። ረቂቁን አምጥተው አሳዩኝ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ የቆርቆሮው ብዛት አለ። መለስኩላቸው። ምስማሩን የመቱት አባት በሕይወት አሉ፣ ቤታቸውም ከጉድጓዱ ውሃ ማዶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን እንሄዳለን፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያስፈልገናል።